ሚኒቫኑን ማንሃተን ውስጥ አታስገቡት

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ2፣ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ለሦስት ቀን በሚኒቫናችን ኒውዮርክ ልንወስዳቸው አስበናል። ባለቤቴ ‹ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ሆቴል እንይዝና በመኪናችን እንዞራለን› ይላል። እኔ ደግሞ ትንሹ ልጅ መኪና ውስጥ ስለሚያስመልሰው ፈርቻለሁ። ምን ትመክረናለህ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ባለቤትሽ ያለውን ቃል በቃል እኔም ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ 16 ዓመት የቻርተር አውቶቡስ ሾፌር ሆኜ ዋሽንግተንና ኒውዮርክ መሃል ተመላልሻለሁ። ሠርገኛ፣ መዘምራን፣ የኳስ ቡድን፣ ያልጫንኩት የለም። የልጆች መቀመጫ መግጠምና መፈተሽም ሠልጥኛለሁ። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ሰዓቱን የምጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ዋናውን ላስቀድም። መኪናችሁ ለመንገዱ ይሁን እንጂ ለከተማው አይሁን። ኒውጀርሲ ላይ፣ ኒውዮርክ ደጃፍ አቁሙትና በባቡር ግቡ።

ባለቤትሽን ለማሳመን ሒሳቡን አሳዪው። ከኒውጀርሲ በሊንከን ወይም በሆላንድ ቶነል ሲገባ ይከፈላል። ከጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከ60ኛው ጎዳና በታች ወዳለው የማንሃተን ክፍል ቀን በመኪና ለሚገባ ሰው 9 ዶላር ተጨምሯል። ይሄ ኢዚፓስ (መስተዋት ላይ የሚለጠፈው የመንገድ መክፈያ መሣሪያ) ላለው ነው። ለሌለው 13 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በቶነል የመጣ ትንሽ ይቀነስለታል። ዋናው ቁስል ግን ፓርኪንጉ ነው። እኔ የዛን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዋጋ አይቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ጠዋት ላወጣ ስል «ያንተ ሚኒቫን ነው፣ ትልቅ መኪና ይጨምራል» ተባልኩ። ለካ ከሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የከፈልኩትን እስከ ዛሬ ለሚስቴ አልነገርኳትም። ይህን ካነበበች እንግዲህ አወቀች።

ገንዘቡስ ይሁን። ማንሃተን ውስጥ ከሦስት ልጅ ጋር መንዳት እረፍት አይደለም። ታክሲው ይቆርጥብሻል፣ ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ማቆሚያ ስትፈልጉ አንዱ ልጅ ሽንቴ መጣ ይላል። ሜሪላንድ ለምደን በቀይ መብራት ቆም ብለን ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ምልክት ካልፈቀደ በቀር ክልክል ነው። ካሜራም አለ።

ስለዚህ ሆቴሉን ጀርሲ ሲቲ ወይም ሲኮከስ ያዙ። ከጀርሲ ሲቲ ፓዝ የሚባለው ባቡር 24 ሰዓት ይሠራል፤ ወደ ወርልድ ትሬድ ሴንተርም ወደ 33ኛው ጎዳናም ይሄዳል። ከሲኮከስ ጣቢያ ደግሞ ማንሃተን ያለው ፔን ስቴሽን በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ሆቴሉን ስትይዙ ሁለት ነገር በስልክ ጠይቁ። አንደኛ፣ ፓርኪንግ በቀን ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? «ለኒውዮርክ ቅርብ» የሚለውን ማስታወቂያ አትመኑ። ሃይዌይ ዳር ተተክሎ የእግረኛ መንገድ የሌለው ሆቴል ሞልቷል። ስትሮለር እየገፋሽ፣ አማትሽን ይዘሽ ሃይዌይ ዳር መሄድ አትፈልጊም።

አሁን መንገዱ። 220 ማይል ገደማ ነው። ስልክሽ አራት ሰዓት ይልሻል። ስልክሽ ልጅ የለውም። ስድስት ሰዓት ብለሽ ያዢ።

ማክሰኞ ሂዱ፣ ሐሙስ ተመለሱ። አርብ ከሰዓት ወደዚያ፣ እሁድ ከሰዓት ወደዚህ የሚነዳ ሰው ደላዌር ላይ ቆሞ ይውላል። በተለይ በኦገስት።

ከቤት 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ ውጡ። ይህን የምለው ለትራፊክ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ከአልጋ ወደ መቀመጫቸው ይዛወራሉ፣ እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። የተኛ ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያስመልሰውም። ባልቲሞርንም ሠራተኛው ሳይወጣ ታልፋላችሁ። እዚያው ያለው «ኪ» የሚባለው ድልድይ ማርች 26 ቀን 2024 በመርከብ ተመትቶ ከወደቀ ወዲህ በወደቡ ሥር ያሉት ቶነሎች ጭነቱን ተሸክመዋል። ጠዋት 7 ሰዓት ላይ እዚያ መድረስ አይመከርም።

የመጀመሪያ እረፍታችሁን ቼሳፒክ ሃውስ የሚባለው የመንገድ ማረፊያ ላይ አድርጉት። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። መንገዱ መሃል ላይ ስለሆነ ለሂያጁም ለተመላሹም ያገለግላል። እዚያ ልብስ ቀይሩ፣ ዳይፐር ቀይሩ፣ አማትሽ እግራቸውን ያፍታቱ። ረጅም መቀመጥ ለእሳቸውም ጥሩ አይደለም፣ እግር ያብጣል። ቀጣዩን ኒውጀርሲ ተርንፓይክ በሚባለው የክፍያ አውራ ጎዳና ላይ፣ ጆይስ ኪልመር የተባለው ማረፊያ ላይ አድርጉት። በመሃሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ደግሞ ሕፃን መቀመጫ ላይ ታስሮ ባይቆይ ይመረጣል። የተርንፓይኩ ማረፊያዎች በታዋቂ ሰዎች ስም የተሰየሙ ናቸው። ለ11 ዓመቱ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ስጪው፣ ስሞቹን ይመዝግብ። ገጣሚ አለ፣ ፕሬዚዳንት አለ፣ ፈልሳፊ አለ። ሲመለስ በሌላው በኩል ያሉትን ያገኛል።

ተርንፓይኩ መሃል ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንደኛው ለትንንሽ መኪና ብቻ። እሱን ያዙ፣ ከጭነት መኪና ትገላገላላችሁ። ነዳጅ መቅዳት ካለባችሁም ኒውጀርሲ ላይ ባለቤትሽ ከመኪና አይውረድ። እዚያ ራስ መቅዳት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሠራተኛ ይመጣል። አማትሽ «እንደ ሀገር ቤት!» ይላሉ። ሁሉም ይላሉ።

ኢዚፓስ ከሌላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አውጡ። ወደዚያ ስትሄዱ የፎርት ማክሄንሪ ቶነል፣ የሳስኮሃና ወንዝ፣ የደላዌር ድንበርና ተርንፓይኩ ያስከፍላሉ። ያለ ኢዚፓስ ሜሪላንድ ላይ ታርጋችሁ ፎቶ ይነሳና ቢል በፖስታ ይመጣል፣ በውድ ዋጋ። ወደ ጀርሲ ስትሄዱ የደላዌር ሜሞሪያል ድልድይ በነጻ ነው፤ ሲመለሱ ግን ይከፈላል። ሳስኮሃና ደግሞ በተቃራኒው ሲመለሱ ነጻ ነው። ሰው ሲመለስ ሒሳቡ አልገጥም ብሎት የሚደውልልኝ ለዚህ ነው።

የትንሹ ልጅ ነገር ላይ ረዘም ልበል፤ የምትፈሪውም እሱን ነው።

መኪና ሲሄድ የሚያስመልሰው ጆሮና ዓይን ስለማይስማሙ ነው። የውስጥ ጆሮ «እየሄድን ነው» ይላል። ዓይን ደግሞ የፊት ለፊቱን ወንበር እያየ «ቆመናል» ይላል። አንጎል ግራ ይጋባል፣ ሆድ ይከፍላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ይበረታል። ስለዚህ ታብሌት ለእሱ አይከፈትም። ታላቅ ወንድሙም ቢከፍት እሱ በማያየው በኩል ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉ ጡጦ ወተት አትስጪው። ደረቅ ነገር ትንሽ፣ ውኃ በጉንጭ በጉንጭ። መኪናው ቀዝቀዝ ይበል። ሽቶ፣ በተለይ መስተዋት ላይ የሚንጠለጠለው ዛፍ፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይውጣ። አማትሽ ሎሚ ላሽትተው ካሉ ያሽትቱት፣ አይጎዳውም። መድኃኒት ግን የልጁን ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትሰጪ። ትልቁ ሲወስድ የነበረውን ለሁለት ከፍለው የሚሰጡ እናቶች አይቻለሁ።

ለማንኛውም እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ሁለት ፎጣ፣ ዋይፕስ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የሚቋጠሩ ላስቲኮች ይኑሩ። ቅያሪ ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ላንቺም። ይህን የሚረሳው ሁሉም እናት ነው። ኋላ ሻንጣ ሥር ያለ ዋይፕስ የለም ማለት ነው።

መቀመጫውን በተመለከተ፣ የሜሪላንድ ሕግ ሕፃን 2 ዓመት እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ያንቺ ሞልቶታል፤ ቢዞር ሕግ አይጥስም። እኔ ግን የመቀመጫው የክብደትና የቁመት ልክ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ኋላ ይቆይ ባይ ነኝ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ለጋ ነው። ግጭት ሲመጣ ወደ ኋላ የዞረው መቀመጫ ጀርባውንና አንገቱን አንድ ላይ ይይዝለታል። የ6 ዓመቱ ገና በልጅ መቀመጫ ወይም በቡስተር (ልጁን ከፍ በሚያደርገው መቀመጫ) ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ 8 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 145 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ግዴታ ነው። የ11 ዓመቱን ደግሞ ፈትኚው። ጀርባውን ደገፍ ብሎ ሲቀመጥ ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ላይ መታጠፍ አለበት። ቀበቶው በትከሻው መሃል ማለፍ አለበት እንጂ አንገቱን መንካት የለበትም። ካልሆነ ቡስተር ያስፈልገዋል። ያኮርፋል። ያኩርፍ።

አማትሽን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንዳታስቀምጪያቸው። መውጣት መግባቱ ለጉልበታቸው ከባድ ነው። ሁለተኛው ረድፍ፣ ከሕፃኑ ጎን ይሁኑ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ከመነሳታችሁ በፊት፣ ባለቤትሽ ራሱ ለእናቱ ይንገራቸው። ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር እማማ «ልጁን አፈናችሁት፣ ፍቱልኝና ልቀፈው» ይላሉ። መቶ በመቶ ይላሉ። በፍቅር ነው፤ እኛንም ያሳደጉን አቅፈው ነው። ነገር ግን በ65 ማይል የሚሄድ መኪና ውስጥ ማንም ክንድ ልጅ ይዞ አይቆይም። «እማዬ፣ ፖሊስ ይቀጣናል» ቢላቸው በቶሎ ይቀበላሉ። የእኔ እናት ከሕግ በላይ ፖሊስን ትሰማ ነበር። ልጁ ካልተረጋጋ ቀጣዩ መውጫ ላይ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ይታቀፍ፣ ከዚያ ትቀጥላላችሁ።

ምግቡን ላንሳ። የምትሄዱት ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ከኦገስት 7 እስከ 21። እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት (ይሄ በሀገር ቤት ሰዓት ነው) ሊጾሙ ይችላሉ። ፍልሰታ የልጆችም ጾም ስለሆነ ትልቁ «እኔም ከአያቴ ጋር» ሊል ይችላል። ማረፊያዎቹ ላይ ያለው አብዛኛው በርገርና ዶሮ ነው። ስለዚህ ምሳችሁን ከቤት ያዙ። ሩዝ በአትክልት፣ የጾም ዳቦ፣ ሙዝ፣ ድንች በቂ ነው። ሽሮ ፍትፍት በፔርሙስ የሚይዙ አሉ፣ እኔ አልቃወምም፤ ሽታው ግን ሐሙስም መኪናው ውስጥ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለትልልቆቹ ብቻ። ለ2 ዓመት ልጅ ያንቃል፣ የአያት እጅ ደግሞ ለጋስ ነው፣ ተጠንቀቂ። ከተማው ውስጥ ጋሪ ላይ የሚሸጠው ፈላፈል ለጾም ጥሩ ነው፤ «ነጩን ሶስ ተወው» በሉ። የሀበሻ ምግብ ቤት አለ፣ ግን እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ በየመታጠፊያው አይደለም። እራትን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

ከደረሳችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ማንሃተን አትግቡ። ከተርንፓይኩ በ14ቢ መውጫ ወጥታችሁ በቀጥታ ሊበርቲ ስቴት ፓርክ ሂዱ። መኪናችሁን ታቆማላችሁ፣ ወደ ነጻነት ሐውልትና ኤሊስ ደሴት የሚሄደው ጀልባ ከዚያም ይነሳል። ብዙ ሰው የማንሃተኑን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ሰልፉም እዚያ ነው። ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ማንሃተን ወደብ ላይ ጃኬት ለብሶ «ትኬት፣ ትኬት» ከሚል ሰው ግን ምንም አትግዙ።

እማማ ከሐውልቱ ይልቅ ኤሊስ ደሴትን ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ። ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ያለፈበት ነው። ሰው ተሰልፎ ዓይኑ የሚታይበት፣ ጥያቄ የሚጠየቅበት ትልቅ አዳራሽ አለ። እናቴን ስወስዳት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ የኤምባሲውን ቀን ነበር የምታወራው።

ሁለተኛው ቀን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሁን። ዳይኖሰሮቹ አራተኛ ፎቅ ናቸው። የ6 ዓመቱ ከዚያ አይወጣም። እኔ ግን የምልክሽ ወደ ሰው ዘር አመጣጥ ክፍል ነው። የሉሲ አጽም ቅጂ አለ። እማማ ትልቁን ልጅ እጁን ይዘው «ይቺ ድንቅነሽ ናት፣ እውነተኛዋ እኛ ጋ ናት» ይበሉት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ አፋር፣ ሐዳር፣ 1974። ልጁ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚያወራው እሱን ነው። «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» የሚለው ለኒውዮርክ፣ ለኒውጀርሲና ለከኔቲከት ነዋሪ ብቻ ስለሆነ ሜሪላንዶች ሙሉውን ትከፍላላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። መንገዱን ስትሻገሩ ሴንትራል ፓርክ ነው፤ 81ኛው ጎዳና ላይ የልጆች መጫወቻ አለ። ትንሹ ስትሮለር ውስጥ ይተኛ፣ እናንተም ዛፍ ሥር ጋደም በሉ። ይሄን ሰዓት በሌላ ጉብኝት አትሙሉት።

ታይምስ ስኩዌር ማታ፣ ግማሽ ሰዓት። አሻንጉሊት ለብሶ ልጅሽን የሚያቅፈው ሰው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቀድማችሁ ወስኑ።

ትልቁ ልጅ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት የተባበሩት መንግሥታትን ጉብኝት ያዙ። በሥራ ቀን ብቻ ነው፣ ቀድሞ ይመዘገባል፣ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የእማማን ፓስፖርት አትርሱ። ከ5 ዓመት በታች አይገባም፣ ስለዚህ ባልሽ ከትንሹ ጋር ይቆያል። ኢትዮጵያ በ1945 ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴም በኦክቶበር 1963 ንግግር ያደረጉት እዚያው ጉባኤ ላይ ነው። እማማ ያን ዘመን የሚያስታውሱ ከሆነ አስጎብኚው ዝም ብሎ እሳቸውን ይስማ።

ሰብዌይ ላይ ባንክ ካርድሽን ወይም ስልክሽን በሩ ላይ ማስነካት ነው። ቁመታቸው እስከ 44 ኢንች፣ ማለት 112 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ልጆች ከከፋይ ሰው ጋር በነጻ ይገባሉ፤ የ6 ዓመቱን ቤት ለኩት። ከ472ቱ ጣቢያዎች ሊፍት ያላቸው ግማሽ አይሞሉም። ስለዚህ ትልቁን ስትሮለር ተዉት፣ በአንድ እጅ የሚታጠፈውን ያዙ። ለእማማ ደግሞ ሊፍት ያለውን ጣቢያ ካርታው ላይ ፈልጉ፤ የዊልቸር ምልክት አለበት።

ልጆቹን አንድ ነገር አስጠኗቸው። የባቡሩ በር ተዘግቶ ከተለያያችሁ፣ ውጭ የቀረው እዚያው ይቆማል። ውስጥ የቀረው ቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ ባለበት ይቆማል። የሚንቀሳቀሰው ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ስልክ ቁጥርሽን የ6 ዓመቱ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ፣ ላብ ስለሚያጠፋው በየጠዋቱ አድሺው። ሽንት ቤት መሃል ከተማ ላይ ከተፈለገ ብራያንት ፓርክ ሂዱ፤ ንጹሕ ነው፣ አበባ ሁሉ ያስቀምጣሉ።

ስትመለሱ ሐሙስ ከቀኑ 1 ሰዓት በፊት ከጀርሲ ውጡ። ያ ካለፋችሁ እራት እዚያው በሉና ከምሽቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ፤ ልጆቹ ደላዌር ሳይደርሱ ይተኛሉ። ያኔ ግን ሾፌሩ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይተኛ፤ ፓርክ ውስጥ ሲሯሯጥ ውሎ ሌሊት መንዳት የለም።

አሁን አንድ ነገር ላኪልኝ፤ የሚኒቫናችሁን ዓመትና የሦስቱን መቀመጫዎች ስም። መቀመጫዎቹ ጀርባ ወይም ሥር ላይ የማብቂያ ቀን ተጽፏል፣ እሱንም እዪ። ከዘመድ የወረሳችሁት ካለና ቀኑ ያለፈ ከሆነ፣ ከኢዚፓሱም ከሆቴሉም በፊት እሱን ቀይሩ።